በሰሜን ሸዋ የቀብር ማስፈጸም ሥራ ፈቃድ ለማውጣት፦ ከቤት ኪራይ ውል እስከ ሞት ምዝገባ

ከደብረ ብርሃን፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከመሐል ሜዳም «ፈቃዱ ለምን ተከለከልኩ?» እያሉ የሚጠይቁኝ ሰዎች ታሪካቸው ይመሳሰላል። ሣጥኑን አሠርተዋል፣ መኪናውን ገዝተዋል፣ ቤቱን ቀለም ቀብተዋል፤ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት የሄዱት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እዚያ ሲደርሱ የተከራዩት ቤት ውሉ የማይጸድቅ፣ መኪናው ደግሞ ለንግድ ያልተመዘገበ ሆኖ ይገኛል። ገንዘቡ ወጥቷል፤ ወረቀቱ ገና አልተጀመረም። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል እንዳለ ይጠበቅ። አንዱን ደረጃ ዘሎ ያለፈ ሰው ተመልሶ እዚያው ደረጃ ላይ ይቆማል።

አንድ ነገር አስቀድሞ ይታወቅ። ይህ መመሪያ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን ለሆነው፣ በአማራ ክልል ላለው ሰሜን ሸዋ ነው። በኦሮሚያ ክልልም መቀመጫው ፍቼ የሆነ ሰሜን ሸዋ ዞን አለ። ሥራዎ በዚያ በኩል ከሆነ የሚሄዱባቸው ቢሮዎችም፣ ቅጾቹም ሌሎች ናቸው። በስም መመሳሰል የተሳሳተ ቅጽ ሞልቶ የመጣ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ።

ከመነሣትዎ በፊት፦ ሥራዎን በአንድ ገጽ ይጻፉ

የሚጠየቁት የንግድ ፈቃድ ነው። የንግድ ፈቃድ ደግሞ የሚሰጠው በሥራ መደብ ነው። «የቀብር ሥራ» ብለን በአንድ ቃል የምንጠራው ነገር በመዝገብ ላይ ቢያንስ አምስት ቦታ ይበተናል፦ ሣጥን ማምረት፣ ሣጥን ገዝቶ መሸጥ፣ የቀብር ማስፈጸም አገልግሎት፣ በመኪና ማጓጓዝ፣ ድንኳንና ወንበር ማከራየት።

1. ከአምስቱ የትኞቹን እንደሚሠሩ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ።
2. ዛሬ የሚጀምሩትንና ከዓመት በኋላ የሚያስቡትን ለይተው ያስቀምጡ። ለዛሬው ብቻ ያመልክቱ።
3. ወረቀቱን ይዘው ወደ ወረዳው ወይም ወደ ከተማው ንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። «እነዚህ በየትኛው መደብ ይገባሉ? ከመካከላቸው የብቃት ማረጋገጫ የሚጠየቅበት አለ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱን ከነመደቡ ቁጥር ይጻፉት፤ በቃል ብቻ ሰምተው አይመለሱ።

ማስጠንቀቂያ፦ «እንጨት ሥራ» በሚል ፈቃድ አስከሬን አይጓጓዝም። አናጺ የሆነ ሰው በያዘው ፈቃድ አገልግሎቱን ሁሉ መስጠት የሚችል ይመስለዋል፤ ተቆጣጣሪ የመጣ ቀን ግን የሚታየው በፈቃዱ ላይ የተጻፈው መደብ ብቻ ነው።

እድር ከሆናችሁ ይህ ሁሉ አይመለከታችሁም። እድር አባላቱን ለመቅበር የንግድ ፈቃድ አያወጣም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113ም እድርንና እቁብን ከአዋጁ ውጭ አድርጓቸዋል። ይሁን እንጂ እድሩ ድንኳኑንና መኪናውን አባል ላልሆነ ሰው በክፍያ እያከራየ ቋሚ ገቢ ማግኛ ካደረገው የግብርና የፈቃድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ቀድመው ቢጠይቁ ይሻላቸዋል።

ደረጃ 1፦ መታወቂያና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር

1. የፋይዳ ምዝገባዎን ይጨርሱ። ባለ 12 አኃዙን ቁጥር በስልክዎም በወረቀትም ይያዙ።
2. ወደ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሄደው አሻራ ሰጥተው ባለ 10 አኃዙን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይውሰዱ።
3. ከዚህ በፊት ደመወዝተኛ ከነበሩ ቁጥር አለዎት ማለት ነው። ለአንድ ሰው የሚሰጠው አንድ ቁጥር ብቻ ስለሆነ ሁለተኛ ለማውጣት አይሞክሩ። የቀድሞው እንዲፈለግልዎ ይጠይቁ።

ቢበላሽ፦ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ስም ነው። በፋይዳው ላይ የአያት ስም በአንድ ዓይነት፣ በቀበሌ መታወቂያው ላይ በሌላ ዓይነት ተጽፎ ይገኛል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍማ ልዩነቱ ይብሳል። ሁለቱ እስኪመሳሰሉ ድረስ ወደ ቀጣዩ ደረጃ አይለፉ። ዛሬ በሁለት ቀን የሚታረም ፊደል ነገ ባንክም፣ መኪና ምዝገባም ላይ እየቆመ ያስቸግርዎታል።

ደረጃ 2፦ ቤቱ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፤ እኔም የወደቅሁት እዚህ ነው። የመጀመሪያውን ቤት ስከራይ ሴትዮዋን ለዓመታት አውቃቸው ስለነበር ካርታውን ማየት አሳፈረኝ። የስድስት ወር ኪራይ ከፍዬ፣ ግድግዳውን ለስኜ፣ መደርደሪያ መትቼ ከጨረስኩ በኋላ ውሉን ለማጽደቅ ስንሄድ ካርታው በሟች ባለቤታቸው ስም ነው። የወራሽነት ማረጋገጫ አልወጣም፤ ልጆቹም አልተስማሙም። ለስድስት ወር በከፈልኩበት ቤት ውስጥ አንዲት ሣጥን ሳልሸጥ ወጣሁ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦

1. ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የይዞታ ማረጋገጫውን (ካርታውን) ዋናውን ይዩ። ቅጂ አይበቃም።
2. በካርታው ላይ ያለው ስምና የአከራዩ መታወቂያ አንድ መሆናቸውን ያረጋግጡ። ወኪል ከሆነ ውክልናው «ማከራየት» የሚል ቃል እንዳለበት ያንብቡ።
3. ባለቤቱ ሞቶ ከሆነ ከፍርድ ቤት የተሰጠ የወራሽነት ማረጋገጫ ይጠይቁ፤ ወራሾቹ ሁሉ ይፈርሙ። ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛውም ይፈርም።
4. የቀበሌ ቤት ከሆነ ከቀበሌው ደብዳቤ ያስፈልጋል። ከቀበሌ የተከራየ ሰው ለእርስዎ መልሶ ሊያከራይዎ አይችልም።
5. ውሉን ሰነድ የማረጋገጥ ሥልጣን ባለው ጽሕፈት ቤት ፊት ያጽድቁ። በወረዳዎች ይህን የሚሠራው የፍትሕ ጽሕፈት ቤት ነው። አከራዩም እርስዎም በአካል ትቀርባላችሁ።
6. ከዚህ በኋላ ክፍያ ይፈጽሙ፤ በባንክ ቢሆን ይመረጣል።

ቤቱ ራሱስ? ውኃና የፍሳሽ መውረጃ ያለው፣ መኪና እስከ በሩ የሚያስገባ፣ ሣጥን ሲወጣ ከመንገድ የማይታይበት ጓሮ ያለው ይሁን። ከሆስፒታል በር ፊት ለፊት መከፈት ገበያ ያመጣል የሚሉ አሉ፤ እኔ አልወደውም። ታማሚ አስታምሞ የሚወጣ ሰው ሣጥን እያየ እንዲያልፍ ማድረግ ነውር ነው፤ ቅሬታውም ከነገ ወዲያ ወደ ማዘጋጃ ቤት ይደርሳል። ጎረቤቶችን ቀድመው ቡና ጠርተው ይንገሩ። ሳያውቁ ሲያዩት «ሞት ጠራብን» የሚሉ ሰዎች፣ ቀድመው ሲነገራቸው በችግር ቀን መጀመሪያ የሚመጡት ወደ እርስዎ ነው።

ደረጃ 3፦ የንግድ ምዝገባና ፈቃዱ

ንግዱን የሚገዛው ሕግ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 እና ማሻሻያው ነው። ምዝገባና ፈቃድ ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች መሆናቸውን ልብ ይበሉ። ምዝገባው ነጋዴ መሆንዎን ይናገራል፤ ፈቃዱ ምን እንደሚነግዱ ይናገራል። በምዝገባ ወረቀት ብቻ ሥራ የጀመረ ሰው ያለ ፈቃድ እንደነገደ ይቆጠራል፤ ያለ ፈቃድ መነገድ ደግሞ መቀጮም እስራትም ያመጣል።

1. ቅርጹን ይምረጡ፦ በግልዎ፣ ከሌሎች ጋር በማኅበር፣ ወይም በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ በፈቀደው የአንድ ሰው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር። ለአንድ ሱቅና ለአንድ መኪና በግል መነሣት ይበቃል። ወጣቶች ተደራጅታችሁ ከሆነ መጀመሪያ ወደ ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ሂዱ።
2. የጸደቀውን ውል፣ መታወቂያ፣ የግብር ከፋይ ቁጥርና ጉርድ ፎቶግራፍ ይዘው ያመልክቱ። በበይነ መረብም ማመልከት ይቻላል፤ የምትሰቅሉት ፎቶ የሚነበብ ይሁን።
3. የንግድ ስም ያስመዝግቡ። ሦስት አማራጭ ይያዙ። የደብር ስም፣ የቅዱስ ስም ወይም የታወቀ እድር ስም አይውሰዱ፤ ቢፈቀድልዎ እንኳን ነገ ከደብሩ ጋር ያጣላዎታል።
4. በአንድ ገጽ ላይ የጻፉትን መደብ ያስገቡ። ቃሉ ከጻፉት ጋር አንድ መሆኑን ከመፈረምዎ በፊት ያንብቡ።
5. ፈቃዱ ሲሰጥዎ እዚያው መስኮቱ ፊት ቆመው ስምዎን፣ አድራሻዎንና መደቡን ያመሳክሩ። ስህተት ካለ ሳይወጡ ያስታርሙ።
6. ፈቃዱን በሥራ ቦታው በሚታይ ቦታ ይስቀሉ።

ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ የሚሠራ ሰው ጉዳዩን በከተማ አስተዳደሩ ይጨርሳል። አንጎለላ ጠራ ወይም ባሶና ወራና የሚሠራ ግን ወደ ወረዳው ነው የሚሄደው። ቤትዎ ከከተማው ወሰን ውስጥ ይሁን ውጭ ቀድመው ይጠይቁ፤ በዳር ዳሩ ያሉ ሰፈሮች ያምታታሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ የሰው ፈቃድ ተከራይተው አይሥሩ፤ የእርስዎንም አያከራዩ። ፈቃድ ለሌላ ሰው ሊተላለፍም ሊከራይም አይችልም። «እኔ የማልጠቀምበት ፈቃድ አለኝ» የሚል ዘመድ ሲመጣ ምሳ ጋብዘው ይሸኙት።

ደረጃ 4፦ ደረሰኝና መዝገብ

አጭር ነው፤ አይለፉት። ፈቃዱን በወሰዱ ሳምንት ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሄደው የግብር ደረጃዎን ያስወስኑ። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን የሚመለከትዎ ከሆነ ያስገቡ፤ ካልሆነ በፈቃድ የታተመ የእጅ ደረሰኝ ይያዙ። ኀዘንተኛ ደረሰኝ አይጠይቅም። እርስዎ ግን ይስጡት፤ ከሳምንት በኋላ ወንድምና እህት ወጪ ሲካፈሉ ያ ደረሰኝ ከጠብ ያድናቸዋል።

ደረጃ 5፦ መኪናው

1. ከመግዛትዎ በፊት ሊብሬውን ይዩ። የቤት መኪና ሰሌዳ ያለው ተሽከርካሪ በክፍያ አስከሬን አይጭንም። ወደ ንግድ ሰሌዳ የሚዞር መሆኑን መንገድና ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ጠይቀው ከዚያ ቀብድ ይክፈሉ።
2. ዓመታዊ ምርመራውን (ቦሎ) እና በአዋጅ 799/2005 የተደነገገውን የሦስተኛ ወገን መድን ያሟሉ።
3. የኋላውን ወለል በማይመጥ ላሜራ ያልብሱ፤ ሣጥኑን ከሁለት ወገን የሚያስር ቀበቶ ያስገጥሙ።

ቀበቶውን ሰዎች እንደ ቅንጦት ያዩታል። ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጣርማ በር ላይ ጉም ይይዛል፣ ከዋሻው ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው መንገድ ደግሞ እየተጠማዘዘ ነው። ያልታሰረ ሣጥን በመጀመሪያው ጥምዝ ይንሸራተታል፤ ከኋላ የተቀመጠው ቤተሰብ ያንን ድምፅ ዕድሜውን ሙሉ አይረሳውም።

ሌላም የቁልቁለቱ ጣጣ አለ። በደብረ ብርሃን ብርድ አስከሬን ሌሊቱን ችሎ ያድራል። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ቆላ ስለሆኑ አይችልም። ወደዚያ የሚሄድ ከሆነ በሌሊት ወይም ማለዳ ይንቀሳቀሱ፤ በቀትር መድረስ ካለብዎ በፕላስቲክ የታሸገ በረዶ ይያዙ።

ደረጃ 6፦ የሣጥን ቤቱና የእጅ ሥራው

እንጨት፦ ከእጅዎ በቅርብ የሚገኘው ባሕር ዛፍ ነው። እርጥቡን ጣውላ በሳምንት ውስጥ ቸንክረው ካቆሙት የደጋው ደረቅ ነፋስ ሰንጥቆ ይከፍተዋል። ከጥላ በታች፣ በየጣውላው መካከል ቀጭን በትር እያስገቡ ይደርድሩና እስኪደርቅ ይጠብቁ። ለመቸኮል ከሆነ ኮምፖልሳቶ ይግዙ። ጽድና ዋንዛ ሲገዙ ደግሞ ሻጩ የመንቀሳቀሻ ፈቃዱን ያሳይዎ። «ከወፍ ዋሻ (ከጥብቁ ደን) በኩል የመጣ ነው» እያለ በሌሊት ጽድ የሚያራግፍ ሰው የሚያወርድልዎ ክስ ነው።

ልክ፦ ቤተሰቡ ብዙውን ጊዜ ይዞ የሚመጣው ሲባጎ ነው። አንድ ቀን ማለዳ አንድ ጎልማሳ ጋቢውን እንደተከናነበ ገባ፤ ከመዳፉ ውስጥ የተጠቀለለ ሲባጎ አወጣ። በሁለቱም ጫፍ ተቋጥሯል። ዘርግቼ በሜትር ለካሁት፤ 1 ሜትር ከ74 ሆነ። ሣጥኑን 1 ሜትር ከ80 አደረግሁት። ከሰዓት በኋላ አባትየውን ሊያስገቡ ሲሉ እግሩ አልገባም። የለካው ልጅ ከአናት እስከ ተረከዝ ነበር የለካው፤ የተኛ ሰው እግር ደግሞ ጣቱ ወደ ታች ይዘረጋል። ክዳኑን ሳንዘጋ፣ ካህኑ ቆመው፣ ሰው እየተያየ፣ ሌላ ሣጥን ከቤት አስመጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንቤ ይህ ነው፦

1. ሲባጎ አልቀበልም፤ ራሴ ሄጄ ወይም ረዳቴን ልኬ በሜትር አስለካለሁ።
2. ቁመቱን ከአናት እስከ እግር ጣት ጫፍ፣ ስፋቱን በትከሻ ላይ እለካለሁ።
3. በቁመት 15፣ በስፋት 10 ሳንቲ ሜትር እጨምራለሁ። ተገንዞ ጋቢ ሲለብስ ሰውነት ይወፍራል።
4. ሁልጊዜ አንድ 2 ሜትር የሆነ የተዘጋጀ ሣጥን በመጋዘን ይኖረኛል።

እጅና ወለል፦ ጓንት ሳያደርጉ አስከሬን አይንኩ። ቃሬዛውን፣ የመኪናውን ወለልና የገነዙበትን አልጋ በበረኪና ይጠቡ። በጠርሙሱ ላይ ጥንካሬው 5 በመቶ ተብሎ ከተጻፈ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ ይቀላቀላል፤ ይህ 0.5 በመቶ ይሆናል። በየቀኑ አዲስ ይበጥብጡ፤ ያደረ ውህድ ኃይሉን ያጣል። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቅሉ።

ቢበላሽ፦ ሟቹ በተላላፊ በሽታ ሞቶ ከሆነ፣ ለምሳሌ ኮሌራ ከተጠረጠረ፣ እጅዎን ሰብስበው ለጤና ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ። አጣጠቡንም አቀባበሩንም የሚመሩት እነርሱ ናቸው። ቤተሰቡ «እናጥበው» ብሎ ቢለምን እርስዎ አይፍረዱ፤ ባለሙያው ይንገራቸው።

ደረጃ 7፦ እድሩ፣ ደብሩ፣ መስጊዱ

ፈቃድ ይዘው ደንበኛ የማያገኙ ሰዎች የዘለሉት ይህንን ነው። በዚህ አገር ቀብር የእድር ነው፤ እርስዎ አጋዥ ነዎት። ጥሩምባ ነፊው ሰፈሩን ጠርቶ ሳይጨርስ መኪና ይዞ ደጃፍ ላይ የቆመ ነጋዴ ይጠላል።

1. በአካባቢዎ ያሉትን የእድር ዳኞችና ጸሐፊዎች (ወደ አጣዬ በኩል ቅሬ ይሉታል) በየስማቸው ይመዝግቡ፤ ሄደው ይተዋወቁ። ዋጋዎን በጽሑፍ ይስጡ።
2. ከእድሩ ጋር ውል ከገቡ ክፍያው ከእድሩ ይሁን ከቤተሰቡ በግልጽ ይጻፍ። ሁለቱም የከፈሉበት፣ ሁለቱም ያልከፈሉበት ጊዜ አለ።
3. መቃብሩ በቤተ ክርስቲያን ከሆነ ሟቹ የሰበካ ጉባኤ አባል መሆኑንና ክፍያው የተሟላ መሆኑን ቤተሰቡ ጉድጓዱ ሳይቆፈር ከደብሩ ጽሕፈት ቤት ይጨርስ። የንስሐ አባቱም ይጠሩ።
4. በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት አይደረግም፤ በዚያ ሳምንት ለሚሞቱ ፍትሐቱ የሚደርሰው በሆሣዕና ዕለት ነው። ሰዓቱን ከካህኑ ሳይጠይቁ ለሕዝብ አያስነግሩ።
5. ሙስሊም ቤተሰብ ሲጠራዎ ሣጥን ይዘው አይሂዱ። የሚፈለገው ነጭ ከፈን (ለወንድ ሦስት፣ ለሴት አምስት ቁራጭ)፣ ንጹሕ ውኃ፣ ጀናዛ መሸከሚያና ፍጥነት ነው። ትጥበቱ የእነርሱ ነው፤ ወንድን ወንድ፣ ሴትን ሴት ያጥባል። እርስዎ ከውጭ ይጠብቁ።

ለሆስፒታል ዘበኛ ወይም ለደላላ «ሰው ሲሞት ደውልልኝ» ብለው ገንዘብ አይስጡ። ይህን ምክር የማይሰሙ አሉ። ገበያ ያገኛሉ፤ ሆኖም አስታማሚው ገና እያለቀሰ ስልክ የደወለለት ነጋዴ ማን እንደሆነ ከተማው በሙሉ ያውቃል።

ደረጃ 8፦ ለእያንዳንዱ ሞት የሚያዝ ወረቀት

የንግድ ፈቃድዎ ቤትዎን ይጠብቃል፤ አስከሬኑን ግን አይመለከትም። ለእያንዳንዱ አስከሬን የየራሱ ወረቀት አለ። ሳያዩ አይጫኑ።

በሆስፒታል የሞተ ከሆነ፦ ከጤና ተቋሙ የተሰጠ የሞት ማሳወቂያና የአስከሬን መረከቢያ ይጠይቁ። ፈርሞ የሚረከበው ቤተሰቡ ነው፤ እርስዎ በቤተሰቡ ፋንታ አይፈርሙ።

በቤቱ የሞተ ከሆነ፦ ቀበሌው ይወቅ፤ የእድሩ ዳኛ ወይም ጎረቤት ምስክር ይሁን። ዓርብ ማታ የሞተ ሰው ቅዳሜ ይቀበራል፤ ቢሮ ደግሞ ዝግ ነው። ቢያንስ የምስክሮቹን ስምና ስልክ በመዝገብዎ ላይ ይያዙ፤ ሰኞ ጠዋት ቤተሰቡ ቀበሌ ይሂድ።

በአደጋ፣ በጠብ፣ ራሱን በማጥፋት ወይም ምክንያቱ ባልታወቀ ሁኔታ የሞተ ከሆነ፦ ቆም ይበሉ። ፖሊስ ሳይመጣ አስከሬኑ አይነሣም፣ አይታጠብም፣ ልብሱም አይለወጥም። የአስከሬን ምርመራ ከተባለ ከምርመራው በኋላ ፖሊስ የመቅበሪያ ፈቃድ ደብዳቤ እስኪሰጥ ይጠብቁ። ቤተሰቡ ይቸኩላል፣ ሽማግሌም ይልካል፤ «ይቅርብን፣ አንከስም» ይላል። ይህ ለእርስዎ መልስ አይሆንም። ያለ ደብዳቤ ቀብሮ በኋላ መቃብር የሚያስከፍት ጉዳይ ቢመጣ ምስክር ሆነው የሚመላለሱት እርስዎ ነዎት።

ከሌላ ከተማ ወይም ከውጭ አገር የመጣ ከሆነ፦ የሞት ማስረጃውንና የተነሣበትን ቦታ ደብዳቤ ቅጂ በመኪናው ውስጥ ያስቀምጡ። ኬላ ላይ የሚያስቆምዎ ሰው ሣጥኑን እንክፈት ከማለቱ በፊት የሚያሳዩት ነገር ይኑርዎ። ከውጭ የመጣ የታሸገ ሣጥን ቤተሰቡ ቢለምንም በመንገድ ላይ አይከፈትም።

ከቀብር በኋላ አንድ ሥራ ይቀራል፤ ብዙ ቤተሰብ የሚረሳውም ይህንን ነው። በወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ሞት በ30 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት። አስመዝጋቢው ከሟቹ ጋር የሚኖር ሰው፣ እርሱ ከሌለ ዘመድ፣ ዘመድ ከሌለ ጎረቤት ነው። ቦታው ቀበሌ ያለው የክብር መዝገብ ሹም ነው። የሟቹን መታወቂያ፣ የአስመዝጋቢውን መታወቂያና ከሆስፒታል የመጣውን ማሳወቂያ ይዘው ይሂዱ። ያለዚህ ምስክር ወረቀት ባንክ ያለ ገንዘብም፣ ውርስም፣ ጡረታም ይቆማል። እኔ በሰልስቱ ዕለት ለቤተሰቡ ታላቅ ልጅ ደውዬ አስታውሳለሁ፤ እስከ ዛሬ የተቆጣኝ የለም።

መዝገብ ይኑርዎ፤ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ይበቃል። በእያንዳንዱ መስመር ላይ የሟች ሙሉ ስም ከነአያት፣ የሞተበት ቀንና ቦታ፣ ያዘዘው ሰውና ስልኩ፣ ያዩአቸው ወረቀቶች፣ የተቀበረበት ቦታ፣ የደረሰኝ ቁጥር ይጻፍ። ያላዩትን ወረቀት «አይቻለሁ» ብለው አይጻፉ።

ደረጃ 9፦ እድሳት፣ ለውጥና መዝጋት

የንግድ ፈቃድ በየዓመቱ ይታደሳል። ጊዜው የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፤ ያለ ቅጣት የሚታደሰው እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። ቀኑ ሩቅ ይመስላል፤ እድሳቱ ግን የግብር ክሊራንስ (የግብር ዕዳ የለብዎትም የሚል ማረጋገጫ) ይጠይቃል፣ ክሊራንሱም ሒሳብ መዝጋት ይጠይቃል። የቤት ኪራይ ውልዎ በመካከሉ ካለቀ እንደገና ማጽደቅ አለብዎት። ስለዚህ፦

1. ሐምሌ ላይ ሒሳብዎን ያስዘጉ፤ ግብርዎን ይክፈሉ።
2. ነሐሴ ላይ የውልዎን ማብቂያ ቀን ይመልከቱ፤ ካጠረ ያድሱ።
3. መስከረም ላይ ክሊራንስ ወስደው ያሳድሱ። በታኅሣሥ የመጨረሻ ሳምንት ሰልፉ ደጅ ድረስ ይወጣል።

ቤት ከቀየሩ፣ መደብ ከጨመሩ ወይም ሌላ ከተማ ቅርንጫፍ ከከፈቱ ለውጡን ሳይውሉ ሳያድሩ ያስመዝግቡ። በደብረ ብርሃን አድራሻ የወጣ ፈቃድ ዓለም ከተማ ላይ የከፈቱትን ሱቅ አይሸፍንም።

ሥራውን ለማቆም ከወሰኑ በሩን ዘግተው ብቻ አይሂዱ። ፈቃዱን ለሰጠዎ ጽሕፈት ቤት ይመልሱ፤ መመለስዎን የሚገልጽ ደብዳቤ ተቀብለው ለገቢዎች ያስገቡ፤ የተረፉትን ደረሰኞች አስረክበው ፊርማ ይቀበሉ። ፈቃዱ በስምዎ እስካለ ድረስ ያልሠሩበት ዓመት ግብር ሊጠየቁ ይችላሉ። የደብተሩን መዝገብ ግን አይጣሉት። ከአሥር ዓመት በኋላም ቢሆን «አባቴ የተቀበረበት ቀን መቼ ነበር?» ብሎ በርዎን የሚያንኳኳ ሰው ይኖራል።